አርፔጂዬተር ስንፍና ነው ወይ?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ፣ በኪቦርድ ፈተና ላይ ነው። ተራዬ ደርሶ ገባሁና ለአምስት ሳምንት የተለማመድኩትን የትዝታ ሥራ ጀመርኩ። በግራ እጄ የያዝኩትን ኮርድ አርፔጂዬተሩ እየበተነ ያዞረዋል፣ በቀኝ እጄ ዜማውን እጫወታለሁ። እውነቱን ለመናገር ለራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ መምህር ድንገት «እስቲ እጅህን አንሳ» አሉኝ። አንድ እጅ መስሎኝ ቀኜን አነሳሁ። «ሁለቱንም» አሉ። ሁለቱንም አነሳሁ። ኪቦርዱ ግን መጫወቱን ቀጠለ! ሆልድ የምትለዋን ቁልፍ ተጭኜ ስለነበር፣ እኔ እንደተማረከ ወታደር ሁለት እጄን ሰቅዬ ቀርቼ ማሽኑ ያለ እኔ ትዝታውን ይለዋል። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ታዲያ አሁን የምፈትነው ማንን ነው?» አሉ።

ድጋሚ እንድፈተን ተወሰነ። ይህ የእኔ ጉዳይ ነውና አንባቢን ባላደክም ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በትምህርት ክፍላችን አንድ ወሬ ይናፈሳል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ በፈተናም ሆነ በዓመቱ መዝጊያ ኮንሰርት ላይ አርፔጂዬተር መጠቀም ሊከለከል ነው ይባላል። ወሬው እውነት ከሆነ ምክንያቱ በከፊል እኔ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። አቋሜን በአጭሩ ላስቀምጠው። በዚያን ቀን መምህሩ ትክክል ነበሩ፤ ክልከላው ግን ትክክል አይደለም። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይከተለኝ።

መጀመሪያ ኪቦርድ ለማይጫወቱ ጓደኞቻችን ነገሩን ላስረዳ። አርፔጂዮ የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን በገና ከመሰለው የአውሮፓ መሣሪያ፣ ከሃርፕ አጨዋወት የመጣ ነው። የኮርዱን ድምፆች በአንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ አንድ በአንድ አከታትሎ ማሰማት ማለት ነው። ፒያኖ የምትማሩ ሁሉ በደንብ ታውቁታላችሁ። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1722 በሰበሰበው የዌል ቴምፐርድ ክላቪየር የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ የሲ ሜጀሩ ፕሪሉድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ይቻላል የተበተነ ኮርድ ነው። ሞዛርት በ1788 ለጀማሪዎች ብሎ የጻፈው የሲ ሜጀር ሶናታ ሲጀምር ግራ እጅ የሚሠራውም ይኸው ነው። ይህ የግራ እጅ አሠራር እስከዛሬ በዶሜኒኮ አልበርቲ ስም ይጠራል።

አርፔጂዬተር ደግሞ ይህንን ሥራ ለሰዓት ቆጣሪ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ቁልፎቹን ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፤ ማሽኑ የያዛችኋቸውን ኖታዎች ለይቶ ባዘዛችሁት ቅደም ተከተልና ፍጥነት አንድ በአንድ ያሰማል። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወጣ ወረድ፣ ወይም በዘፈቀደ ሊሆን ይችላል። ሮላንድ በ1978 ባወጣው ጁፒተር 4 እና በ1982 ባወጣው ጁኖ 60 ላይ ነበረ። ዱራን ዱራን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ባወጣው «ሪዮ» ዘፈን ላይ የሚንጫጫው ድምፅ የጁፒተር 4 አርፔጂዬተር ነው። በ2002 ኮርግ ባወጣው ትንሹ ማይክሮኮርግ ላይ ደግሞ ስድስት ዓይነት አዟዟር አለው። እንግዲህ ዕድሜው ከብዙዎቻችን ይበልጣል፤ ትናንት የመጣ ጉድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። ብዙ ሰው አርፔጂዬተርን ከ«ስታይል» ጋር ያምታታዋል። ስታይል የምንለው በሠርግ ኪቦርዶች ላይ ያለውን አውቶማቲክ አጃቢ ነው። አንድ ኮርድ ስትነኩ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ሁሉም በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ይመጣል። እዚያ ውስጥ እናንተ ያልመረጣችሁት ብዙ ኖታ አለ። በተለመደው አርፔጂዬተር ግን ያልያዛችሁት ኖታ አይሰማም። ኦክታቩን ሊያሰፋው ይችል ይሆናል እንጂ አዲስ ድምፅ አይፈጥርም። ባዶ ከያዛችሁ ባዶ ነው፤ ስህተት ከያዛችሁ ስህተቱን ያዞራል። የእኔም ጉድ የመጣው ከዚህ ነው።

በፈተናው ቀን ምን ይዤ እንደነበር ልናዘዝ። የምጫወተው በሲ የተቃኘ ትዝታ ሜጀር ነው። ድምፆቹም ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። እኔ ግን በግራ እጄ ከሃርመኒ ክፍል የለመድኩትን የሲ፣ የኤፍና የጂ ሜጀር ኮርድ እያቀያየርኩ እይዛለሁ። ኤፍ በዚህ ትዝታ ውስጥ የለችም። አውቆ የሚያስገባት አቀናባሪ አለ፤ እሱን አልነካም። እኔ ግን አላወቅኩም! በደቂቃ 80 ምት፣ በአንድ ምት አራት ኖታ ስታሰሉት 320 ኖታ ነው። የኤፍ ኮርድ ሦስት ኖታ ስለሆነ፣ ለአንድ ደቂቃ ብትይዙት ማሽኑ ያቺን ባዕድ ኤፍ ከመቶ ጊዜ በላይ ይነግራችኋል። በእጄ እየበተንኩ ብጫወተው ኖሮ ጣቴ ሄዶ ሲነካት ጆሮዬ ይነቃ ነበር። ማሽኑ ላይ ግን ኮርዱን አንዴ ይዤ ሐሳቤን ሁሉ ወደ ቀኝ እጄ ወሰድኩ። ስለዚህ የመምህሩ ጥያቄ በሳቅ የሚታለፍ አልነበረም። እጄ ቁልፉ ላይ በነበረበትም ሰዓት እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ይህንን የተረዳሁት ግን ያኔ አይደለም። ያኔማ ተናድጄ ነበር። የገባኝ ክረምት ላይ ወሎ፣ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነው።

ጋሼ ክራር ተጫዋች ናቸው። ናቸው ልበል እንጂ፣ ሠርግ ላይ ከተጠሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ድሮ በአካባቢያቸው ያለ ጋሼ ክራር ሠርግ አይደምቅም ነበር ይባላል። በኋላ አንድ ልጅ አንድ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ማሲንቆ የሚመስለውም ድምፅ ከዚያችው ሳጥን ይወጣል፤ የሚከፈለውም ለአንድ ሰው ነው። ጥሪው ቀስ በቀስ ቀረ። እኔ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ሠርግ ላይ እየሠራሁ የቤት ኪራዬን የምከፍለው በዚያው ዓይነት ኪቦርድ ነው። ስለዚህ «ማሽን የሰው እንጀራ አይነካም» ብዬ ልከራከራችሁ አልችልም። ነክቷል። የነካውም ሰው ቤቱ አሳድሮኝ እራት አብልቶኛል።

አንድ ማታ ኪቦርዱን ከፈትኩና አዲሱን ሙከራዬን አሰማኋቸው። ከፈተናው ወዲህ ሜጀር ኮርዶቹን ትቼ አምስቱን የትዝታ ድምፆች በአምስት ጣቴ መያዝ ጀምሬ ነበር። ማሽኑንም በአንድ ምት ሦስት ኖታ እንዲቆጥር አድርጌዋለሁ፤ ችክችካው በስድስት ስለሚቆጠር ይኼ ይሄዳል ብዬ ነው። ጋሼ ትንሽ ሰሙ፤ ከዚያ በእጃቸው መደቡን እየመቱ ችክችካውን ያዙበት። ብዙም ሳይቆዩ ግን እጃቸው ቆመ።

«ደግ ነው፤ ግን ያነክሳል» አሉ።

«ምኑ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ ያንተን ዕቃ። ብቻ እኔ ስድስት ስመታ እሱ አምስት ይላል። ስድስተኛዋን የት ጣልካት?»

ክራራቸውን አወረዱና አሳዩኝ። ስድስት ክር አለው። አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፤ ስድስተኛዋ የመነሻዋ ኦክታቭ ናት። ስድስቱን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ሲነኳቸው የችክችካው አንድ ዙር ሞላ። እኔም ግራ እጄን እንዳለ አድርጌ በቀኜ ላይኛዋን ሲ ጨመርኩና ሆልዱን ተጫንኩ። በአንዴ ማንከሱ ቀረ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አምስት ኖታ በስድስት ቆጠራ ውስጥ ሲዞር መነሻዋ ኖታ በየዙሩ ቦታ ትቀይራለች። ተመልሳ ከምቱ መጀመሪያ ጋር የምትገናኘው ከ30 ኖታ፣ ማለትም ከአምስት ሜዠር በኋላ ነው። ስድስት ሲሆኑ ግን አንዱ ዙር አንድ ሜዠር ይሞላል። በተጨማሪም የመጀመሪያው ጠንካራ ምት ሲ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጂ ላይ ያርፋል። ጂ ከሲ አምስተኛ ናት፤ ያላቀድኩት ነገር ራሱን ቦታው ላይ አገኘሁት። ወጣ ወረዱን ስሞክር ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። ማሽኑ ጫፍ ላይ ያሉትን ኖታዎች የማይደግም ከሆነ ዙሩ 10 ኖታ ነው፤ የሚደግም ከሆነ 12 ነው። 12ቱ ልክ ሁለት ሜዠር ይሞላል፣ 10ሩ ግን ከበሮ መቺውን ገደል ይከተዋል። ማይክሮኮርግ ላይ እነዚህ ሁለቱ ተለይተው የተቀመጡ ሁለት ምርጫዎች ናቸው። ለምን ሁለት እንዳደረጉት ገርሞኝ ያውቅ ነበር።

ማንከስ ሁልጊዜ ስህተት ነው አልልም። አውቆ የሚያነክስ ሙዚቀኛ አለ፤ አምስት በስድስት ላይ አንሳፎ ከአምስት ሜዠር በኋላ ሲገጥም ሰሚውን ያስደስታል። እኔ ግን አላወቅኩም ነበር። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ጋሼ ሌላም ነገር አሳዩኝ። ክራር በመምቻ ሲገረፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይጠርጋል፤ የማይፈለገውን ድምፅ አፍኖ የሚፈለገውን ብቻ የሚለቀው ግራ እጅ ነው። ማለትም ዜማውን የሚሠራው ዝም የሚያሰኘው እጅ ነው! ይህንን ሳይ ስለ አርፔጂዬተር የነበረኝ ሐሳብ ተለወጠ። የማሽኑ ቆጠራ እንደ ቀኝ እጁ ግርፊያ ነው፤ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ሙዚቃው ያለው ምን ያዝክ፣ ምን ለቀቅክ፣ መቼ አቆምክ የሚለው ላይ ነው። አንዷን ጣት ስታነሳ ዙሩ ያጥራል፣ ምቱ ይዞራል፣ ስሜቱም ይቀየራል። ሆልድ ተጭኖ እጅ መስቀል ማለት እንግዲህ የክራሩን ግራ እጅ አውልቆ እንደመጣል ነው። እኔ ፈተና ላይ ያደረግኩት ያንን ነው።

እንግዲህ «አርፔጂዬተር ስንፍና ነው» ለሚሉ መምህራንና ጓደኞቼ መልሴ ይህ ነው። ማሽኑ የሚወስደው የጣትን ሩጫ ነው፤ ውሳኔውን ግን አይወስድም። የትኞቹ ድምፆች? በየትኛው ቅደም ተከተል? በአንድ ምት ስንት? እያንዳንዱ ኖታ አጭር ይሁን ወይስ የሚጎተት? መቼ ይቁም? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች የማይመልስ ተማሪ ማሽኑ ላይ ያለ ጥርጥር ይጋለጣል። ምክንያቱም ስህተቱ በደቂቃ መቶ ጊዜ ይደገማላ!

ማሽኑ የማይችለውንም መደበቅ የለብኝም። ትዝታ ሲዘፈን ዘፋኙ መስመር መጨረሻ ላይ ይቆያል፣ ይተነፍሳል፣ ያንጎራጉራል። ሰዓት ቆጣሪው ግን ማንንም አይጠብቅም። እዚያ ቦታ ላይ እሱን አጥፍቶ በእጅ መጫወት ግድ ነው። ሌላው ቅኝቱ ነው። ኪቦርዳችን ኦክታቩን በ12 እኩል ይከፍላል፤ ጋሼ ክራራቸውን የሚቃኙት በጆሯቸው ነው። አንቺሆዬ ላይ አብረን ስንሞክር ሁለቱ በደንብ አልተስማሙም፤ ያፈርኩት በኪቦርዱ ነው። አንዳንድ ኪቦርድ ድምፆቹን በየግል ከፍና ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳል፣ ግን ያንን ለማድረግ መጀመሪያ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። ዞሮ ዞሮ ጆሮ ነው።

«የባህላችንን ሙዚቃ ያበላሻል» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም እየሰማው ነው። የሰማ ሰው የሀገር ቤት ዜማ መሆኑን አይጠራጠርም። ማሽን ዜማን የሚያበላሸው ዜማውን የማያውቅ ሰው ሲይዘው ነው። ያ ሰው ደግሞ ፒያኖም ቢሰጡት ያበላሸዋል፤ በራሴ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው ክርክር ግን ከባድ ነው። «ተማሪው ጣቱን ሳያሠለጥን ይመረቃል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ አምስት ሳምንት ሙሉ ግራ እጄን አንድም ቀን አላለማመድኩም። ግን መድኃኒቱ ክልከላ ነው? ብትከለክሉን እኛ ማሽኑን አንተወውም። ቅዳሜ ሠርግ ላይ፣ ማታ ክለብ ውስጥ፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንጠቀምበታለን፤ እንጀራችን ነው። የሚቀረው ነገር ቢኖር ስለ እሱ ከመምህሮቻችን ጋር መነጋገራችን ብቻ ነው። ያኔ ኤፏን ማን ይነግረናል? ስድስተኛዋን የት ጣልካት ብሎ ማን ይጠይቀናል? ሁሉም ተማሪ ወሎ ያለ ጋሼ የለውም።

ሦስተኛም አለ፤ ይህንን ያነሳችልኝ አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት። «አንተ ኪቦርድ ስላለህ ነው፤ የሌለን ምን እንሁን?» አለችኝ። ልክ ናት። ጥሩ ዕቃ የገዛ ጥሩ ውጤት የሚያገኝበት ፈተና ፍትሐዊ አይደለም።

ስለዚህ ክልከላውን ትተን እንዲህ ብናደርግስ እላለሁ። አንደኛ፣ ማንም ተማሪ አርፔጂዬተር ከመክፈቱ በፊት ያንኑ ክፍል በእጁ፣ ዝግ ብሎ፣ ስምንት ሜዠር ይጫወት። መፍጠን የለበትም፤ ምን እንደያዘ ማወቁ ይታይ። ሁለተኛ፣ አምስቱን ጥያቄዎች በቃል ይመልስ፤ ለምን ይህንን አዟዟር፣ ለምን ይህንን ቆጠራ እንደመረጠ ያስረዳ። ሦስተኛ፣ ፈታኙ በፈለጉት ሰዓት «አጥፋው» ሲሉ አጥፍቶ በእጁ ይቀጥል፤ «ክፈተው» ሲሉ ምቱን ሳይስት ይመለስ። ይቺ ሦስተኛዋ ከባድ ናት፤ ሞክሬያት አይቻለሁ። አራተኛ፣ ፈተናው የግል ዕቃ ቀርቶ በትምህርት ክፍሉ ኪቦርድ ይሁን፤ ለልምምድም በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሁሉም ይከፈትልን።

ከተቻለ ደግሞ በሴሚስተሩ አንድ ቀን ክራር ተጫዋቾቹና ኪቦርድ ተጫዋቾቹ አብረን እንቀመጥ። እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ ግንኙነት የለንም። እኔ ከአንድ ማታ የክራር ትምህርት ያገኘሁት ከሴሚስተር የማሽን ልምምድ በልጦብኛል። እነሱም ከእኛ የሚወስዱት አይጠፋም፤ ቢያንስ ያ ሰዓት የማይሳሳት ቆጣሪ ለልምምድ ይጠቅማቸዋል። የጋሼን የሠርግ ጥሪ ማሽኑ ወስዶት ይሆናል። ማሽኑን ምን መያዝ እንዳለበት የሚያውቁት ግን አሁንም እሳቸው ናቸው። እሱን ሳንጠይቅ ከቀረን ጥፋቱ የእኛ እንጂ የሳጥኗ አይሆንም።

የድጋሚ ፈተናዬ በሚቀጥለው ወር ነው። ያንኑ ትዝታ ይዤ እቀርባለሁ፤ ስድስት ኖታ፣ በምት ሦስት፣ ኤፍ የሌለችበት። ግራ እጄንም ጀምሬዋለሁ፤ ገና ይንቀጠቀጣል፣ ዝግ ሲል ግን ይሄዳል። መምህሬ ይህንን ካነበቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። በዚያን ቀንም መሀል ላይ «እጅህን አንሳ» ይበሉኝ። ሆልዱን አልጫነውም፤ እጄን ሳነሳ ዝም ይላል። ከዚያ ከየት እንደምቀጥል እሳቸውም እኔም አብረን እንሰማለን።

ቸር ይግጠመን።